የጋሽ አልማዝ እጅ

ትክክለኛ ስማቸውን የሚያውቁት የሠራተኛ አስተዳደር ሰዎችና ሚስታቸው ብቻ ነበሩ። ለቀረው የምርምር ተቋሙ ሠራተኛ «ጋሽ አልማዝ» ናቸው። አልማዝ የሴት ስም መሆኑ የጠፋው ሰው የለም። አዲስ ስልክ ተቀባይ በተቀጠረ ቁጥር «ወይዘሮ አልማዝን ማግኘት እችላለሁ?» ብሎ ይደውላል፤ እሳቸውም ጉሮሯቸውን ጠርገው በዚያ ጎርናና ድምፃቸው «አቤት፣ ነኝ» ይላሉ። በወዲያኛው ጫፍ ያለው ሰው የሚይዘው የሚጨብጠው ሲጠፋው ሳቃቸውን ይለቁታል።

ስሙ የወጣላቸው ከሥራቸው ነው። ተቋሙ ረጅም የምድር ውስጥ ዋሻ አለው፤ በዋሻው ጫፍ ኤክስሬይ ሌዘር የሚሉት ጨረር ይወጣል። ሐኪም ቤት የተሰበረ አጥንት ከሚታይበት ራጅ ጋር ዘመድ ነው፤ ነገር ግን ያኛው የእጅ ባትሪ ከሆነ ይሄኛው መብረቅ ነው። ብልጭ፣ ብልጭ እያለ ይመጣል። ተመራማሪዎች በዚያ ብልጭታ በዓይን የማይታየውን ነገር ፎቶ ያነሱበታል። ችግሩ ጨረሩ አንድ ቦታ ረግቶ አለመቀመጡ ነው፤ ትንሽ ወዲህ፣ ትንሽ ወዲያ ይዋልላል። ስለዚህ መሃል መሆኑን የሚጠብቅ ዘበኛ ያስፈልገዋል። ዘበኛው ደግሞ መንገዱ ላይ ቆሞ፣ ጨረሩ በላዩ ላይ እያለፈ፣ ሳይቃጠልና ሳይጋርድ መናገር አለበት። ለዚህ ከአልማዝ የተሻለ እምብዛም አልተገኘም። አልማዝ ሙቀቱን ቶሎ ከላዩ ያራግፋል፤ በጣም ስስ ሆኖ ሲሠራ ደግሞ ኤክስሬዩ ብርሃን በመስኮት እንደሚያልፈው ያልፍበታል።

ጋሽ አልማዝ የሚሠሩት ያንን ዘበኛ ነበር። ከመሬት የተቆፈረ ሳይሆን በማሽን ውስጥ የተመረተ፣ ከወረቀት የሳሳ፣ የትንሽ ጣት ጥፍር የማያክል የአልማዝ ቁራጭ ያነሳሉ። በላዩ የተለበጠውን ስስ ብረት አራት ቦታ ይከፍሉታል። ከዚያ በየማዕዘኑ ከፀጉር የቀጠነ የወርቅ ክር ያያይዛሉ። ጨረሩ መሃል ለመሃል ሲያልፍ አራቱም ክሮች እኩል ይናገራሉ፤ ወደ አንዱ ካደላ የዚያኛው ይጎላል፣ የሌላው ይደክማል። ክሩን ማያያዝ በማይክሮስኮፕ ሥር፣ በእጅ በሚመራ ረቂቅ መርፌ ስለሚሠራ የተቋሙ ሰዎች ክፍሉን «ልብስ ሰፊ ቤት» ይሉታል። ሱሪ የጠበበው ሁሉ በሩ ላይ ብቅ ብሎ «ጋሼ፣ ይቺን ያሰፉልኛል?» ሳይል አያልፍም።

አብራቸው የምትሠራው ኢንጂነር ድንቢጥ ትባላለች። ትንሽዬ፣ ፈጣን፣ ከላይኛው መደርደሪያ ዕቃ ለማውረድ ሁልጊዜ በርጩማ የምትፈልግ ሴት ናት። ስሙን ያወጡላት እሳቸው ናቸው፤ ሥራውንም ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ልጅ የወለደች ጊዜ ከመሥሪያ ቤቱ ቀድመው የጠየቋት ጋሽ አልማዝና ባለቤታቸው ነበሩ። ሕፃኗን ታቅፈው «ጣቶቿ ረጃጅም ናቸው፤ ይቺማ የእኛ ናት» ብለው ነበር።

ነገሩ የተነሳው ዝናቡ ገና ሲገባ፣ አንዲት እንግዳ ተመራማሪ የመጣች ዕለት ነው። ዶክተሯ የምታጠናው የሕፃናትን ጡንቻ ቀስ በቀስ የሚያሰንፍ በሽታን ነው። በሽታውን የሚያመጣ አንድ ፕሮቲን አለ፤ የፕሮቲኑ ቅርጽ ከታወቀ መድኃኒት የት ላይ እንደሚያርፍ ይታወቃል። ቅርጹን ለማየት ደግሞ ፕሮቲኑን እንደ ስኳር ቅንጣት ማጠንከርና ከዚያ ጨረር ፊት ማቆም ያስፈልጋል። ቅንጣቶቹን ለማብቀል ወራት ፈጅቶባታል፤ የጨረሩን ተራ ለማግኘት ደግሞ ከዚያ የባሰ ጊዜ ጠብቃለች። የማቀዝቀዣ ሳጥኗን በአውሮፕላንም በታክሲም ከጭኗ ሳታወርድ፣ እንደ አራስ ልጅ ታቅፋ ነው የመጣችው።

ያን ዕለት ጋሽ አልማዝ አልነበሩም። «ትንሽ ብርድ መታኝ» ብለው አስፈቅደው ቀርተዋል። የሠሩት የአልማዝ ዘበኛ፣ ሴንሰር የሚሉት፣ ግን ከሳምንቱ መጀመሪያ ጀምሮ ቦታው ላይ ነበር።

የመቆጣጠሪያ ክፍሉን የሚመራው ሰው ሻለቃ ይሉታል፤ ወታደር ሆኖ አያውቅም፣ አቋቋሙ ነው እንጂ። ጠዋት ሥራ ተጀምሮ ዶክተሯ ገና የመጀመሪያዎቹን ምስሎች እያየች ፊቷ ሲፈካ፣ ሻለቃ ከወንበሩ ቀና አለ።

«ጨረሩ ወደ ቀኝ እየሸሸ ነው።»

«እርግጠኛ ነህ?» አለች ዶክተሯ። «ምስሉ እኮ ጥሩ ነው።»

«የጋሽ አልማዝ ሴንሰር ነው የሚናገረው። እዚህ ቤት ካሜራ ይዋሻል፣ ኮምፒውተር ይዋሻል፣ እኔም አንዳንዴ እዋሻለሁ። እሱ ግን ዋሽቶ አያውቅም።»

ጨረሩን የሚመሩትን መስታወቶች አዙሮ ወደ ግራ መለሰው። ሴንሰሩም «አሁን መሃል ነው» አለ። ምስሎቹ ግን ደበዘዙ። ቆይቶ ሴንሰሩ እንደገና ጨረሩ ወደ ቀኝ ሸሸ አለ፤ ሻለቃም እንደገና ወደ ግራ መለሰው። ምስሎቹ ጭራሽ ጠፉ። ዶክተሯ ጥፋቱን ከራሷ ፈለገች። መንገድ ላይ ቅንጣቶቹ ሞቀው ይሆን? በደንብ አልጠነከሩ ይሆን? ቅንጣቶቹ የተደረደሩበትን ሌላ ትሪ ከሳጥኗ አወጣች። እሱም አልሆነ። ሌላ ጨመረች። የጨረሩ ሰዓት እየበረረ ነው፤ ቆሞ የሚያስብ ሰው የለም።

ከቀትር በኋላ ሻለቃ ጠረጠረ። ሥራውን አስቁሞ ጨረሩ ሲያርፍበት የሚያበራውን ሰሌዳ መንገዱ ላይ አስገባ። ሰሌዳው ጨረሩን ስለሚጋርድ ሙከራ እየተካሄደ አይገባም፤ ለዚህ ነው እስከዚያ ያላዩት። ብርሃኑ ያረፈው ከመሃሉ ወደ ግራ ርቆ ነበር። ጠዋት ጨረሩ የትም አልሸሸም። ያሸሹት ራሳቸው ናቸው።

የሻለቃ ፊት ዐመድ መሰለ። ዶክተሯ አልጮኸችም። ወንበር ስባ ተቀመጠችና ሳጥኗን ከፍታ አየችው።

«አንድ ትሪ ቀርቶኛል» አለች፤ ለማንም አልነበረም የምትናገረው።

የክፍሉ ኃላፊ ድንቢጥን ጠራቻት። ኃላፊዋ ችኩል ናት፤ ክፉ ግን አይደለችም። «ሴንሰሩን አውጥተሽ እዪው። አልማዙ ነው መቼም። አምራች ድርጅቱ የላከልን ቁራጭ ስንጥቅ ኖሮት ይሆናል። ልደውልና ላፋጥጣቸው?»

«ቆይ፣ መጀመሪያ ልየው» አለች ድንቢጥ።

ልብስ ሰፊ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች። ሴንሰሩን ማይክሮስኮፑ ሥር አስገብታ ዓይኗን አስጠጋች። አልማዙ ምንም አልሆነም፤ ጥርት ያለ ነው። ሦስቱ የወርቅ ክሮች እግራቸውን አንጥፈው ቁጭ ብለዋል። አራተኛው ግን እግሩ ወደ ጎን ተጎትቷል። አጠገቡ፣ ብረቱ ላይ፣ መርፌው አርፎ የሳተባቸው ጭረቶች አሉ፤ አንድ፣ ሌላ፣ ሌላ። ቦታውን አጥቶ ሲፈልግ የነበረ እጅ ዱካ ነበር። ክሩ ጨረሩ ሲያሞቀው ይነሳል፣ ሲበርድ ይቀመጣል። በተነሳ ቁጥር የግራው ማዕዘን ይደክማል፤ የግራው ሲደክም ደግሞ ጨረሩ ወደ ቀኝ የሄደ ይመስላል።

ድንቢጥ ዓይኗን ከማይክሮስኮፑ አነሳች። ያየችው ነገር አዲስ ሆኖባት አልነበረም፤ ይሄ ነው ሆዷን ያባባው። ጋሽ አልማዝ ሰሞኑን እጃቸውን ከኪሳቸው አያወጡም። ክር የሚያያይዙበት ሰዓት ሲደርስ «አንቺ ሂጂና ሻይ ጠጪ፤ ትንፋሽሽ አልማዙን ያረጥበዋል» ይሏታል፤ ድሮ እንዲህ ብለው አያውቁም። ባለፈው ወር አንድ ጠርሙስ አልኮል ከእጃቸው አምልጦ ሲሰበር «ጠርሙሱ ላብ ነበረው» ብለው ስቀው ነበር። እሷም አብራ ስቃለች። ሰምታ እንዳልሰማች፣ አይታ እንዳላየች ሆና ከርማለች።

ኃላፊዋ ጋ ተመልሳ «እስከ ነገ ጠዋት ታገሺኝ» አለቻት።

«ለድርጅቱ አልደውል?»

«አትደውዪ።»

ኃላፊዋ ትክ ብላ አየቻትና ሳትጨምር ተወቻት።

ድንቢጥ ከሥራ ወጥታ በአውቶቡስ ወደ ጋሽ አልማዝ ቤት ሄደች። ከዳቦ ቤቱ በላይ ባለው ፎቅ ላይ ነው የሚኖሩት፤ ደረጃው ሁልጊዜ የትኩስ ዳቦ ሽታ አለው። በሩን የከፈቱት ባለቤታቸው ናቸው። ጡረታ የወጡ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ስለሆኑ ዛሬም ሰው ሲያዩ የተማሪ ስም የሚጠሩ ይመስላሉ።

«ድንቢጥ! ምነው በደህና? ልጅቷ ደህና ናት?»

«ደህና ናት እትዬ። ጋሼን ልጠይቅ ብዬ ነው። ብርድ መታኝ ብለው...»

«ብርድ?» አሉ እትዬ። ቀጥለው የሚናገሩት ነገር ነበራቸው፤ ዋጡት። «ግቢ፣ ግቢ። እዚያ ተቀምጧል።»

ጋሽ አልማዝ ሳሎን ሶፋው ላይ ሹራብ ለብሰው ቁጭ ብለዋል። ሬዲዮ ተከፍቷል፤ እየሰሙት ግን አልነበረም። ሲያይዋት ወዲያው ሬዲዮውን ዘጉ።

«ምን ሆነ?»

«ምንም...»

«አንቺ ልጅ፣ ምንም ሳይሆን አውቶቡስ ተሳፍረሽ እዚህ አትመጪም። ሴንሰሩ ነው?»

ነገረቻቸው። ጨረሩ ሸሸ መባሉን፣ የሻለቃን ማመን፣ ወደ ግራ መጎተቱን፣ ሰሌዳውን። እሳቸው አንገታቸውን ደፍተው ሰሙና ቀና ሳይሉ «አልማዙ ነው» አሉ። «ያ ድርጅት ሰሞኑን የሚልከው ዕቃ ልክ አይደለም። እኔ ብዬ ነበር።»

«ኃላፊዋም እንደዚያ ነው ያለችው።»

«በቃ። ታዲያ ይደወልላቸው።»

«ጋሼ፣ በማይክሮስኮፕ አይቼዋለሁ» አለች ድንቢጥ።

እትዬ ሻይ ይዘው ገቡ። የድንቢጥን ሞልተው አስቀመጡላት፤ የባላቸውን ግማሽ ቀድተው ነበር። ጋሽ አልማዝ ብርጭቆውን ሊያነሱ እጃቸውን ሰደዱ። ገና ከጠረጴዛው ሲለቅ ሻይው መናጥ ጀመረ፤ ማንኪያው ከብርጭቆው ጋር እየተጋጨ ቅጭል ቅጭል አለ። ሊያቆሙት ሲታገሉ ባሰበት። መልሰው አስቀመጡት።

«ይኸው» አሉ። «ማየት የፈለግሽው ይሄንን ከሆነ፣ ይኸው።»

የተናገሩት እትዬ ናቸው።

«ሰውዬ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው ሻይህን በግማሽ የምቀዳልህ? ስኳር የተወደደ መስሎህ ነው?»

ጋሽ አልማዝ ዞር ብለው ሚስታቸውን አዩ። «ታውቂ ነበር?»

«የሸሚዝህን ቁልፍ ማን ነው ሲቆልፍልህ የከረመው? ‹ዛሬ እኔ ላሰማምርህ› እያልኩ ስጠጋህ ፍቅር የጠናብኝ መሰለህ?»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንተስ ለምን አልነገርከኝም?»

ጋሽ አልማዝ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አሳርፈው ቆዩ። ከዚያ ለድንቢጥም ለሚስታቸውም ሳይሆን ለመስኮቱ እንደሚያወሩ ሁሉ፣ አባታቸው እንዴት እንደሞቱ ተናገሩ። አባታቸው አናጢ ነበሩ። መጀመሪያ እጃቸው ተንቀጠቀጠ፣ ቀጥሎ እርምጃቸው ታሰረ፤ በመጨረሻ ማንኪያ አፋቸው ማድረስ ስላቃታቸው የሚያጎርሷቸው ጋሽ አልማዝ ነበሩ። «ልጅ ሆኜ አይደለም፤ ጎልማሳ ሆኜ ነው ያጎረስኳቸው። ሲያዩኝ ያፍሩ ነበር። እኔም እንዳያፍሩ ብዬ ሌላ ሌላውን እያየሁ አጎርሳቸው ነበር። የራሴ እጅ ሲጀምረኝ... ምን ብዬ ልናገር? ከተናገርኩት እውነት ይሆናል ብዬ ነው።»

እትዬ አጠገባቸው ተቀመጡና ትከሻቸውን በትከሻቸው ነካ አደረጉ።

«ጋሼ፣ ሁሉም ሰው አልማዙ ነው ብሎ አምኗል» አለች ድንቢጥ። ይሄንን ልትል አስባ አልመጣችም፤ አፏ ቀደማት። «እኔ ካልተናገርኩ ማንም አያውቅም።»

ጋሽ አልማዝ አይዋት። ለትንሽ ጊዜ ሐሳቡን የሚመዝኑት መሰለ፤ ፊታቸው ላይ ተስፋ ብልጭ ሲል አይታዋለች። «ድርጅቱ ትልቅ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «አንድ የአልማዝ ቁራጭ መልሱ ቢባሉ ምን ይጎዳቸዋል?»

እትዬ ተነስተው ወጥ ቤት ገቡ። ቧንቧ ከፈቱ፤ የሚታጠብ ዕቃ ግን አልነበረም።

ድንቢጥ እሺም እንቢም አላለች። ስለ ዶክተሯ አወራቻቸው፤ ሳጥኗን ከጭኗ ሳታወርድ እንደመጣች፣ ምስሉ ሲጠፋ ጥፋቱን ከራሷ እንደፈለገች፣ የሕፃናቱን ጡንቻ።

«ስንት ቀራት?» አሉ ጋሽ አልማዝ።

«አንድ ትሪ።»

ብድግ አሉ። «ጫማዬ የት አለ?»

እትዬ ከወጥ ቤት አንገታቸውን ብቅ አደረጉ። «አሁን የት ልትሄድ ነው? መሥሪያ ቤቱ ተዘግቷል።»

«እንግዲያው ነገ ጠዋት ጫማዬን ደብቀሽ እንዳላገኝሽ» አሉ።

በማግሥቱ ጠዋት እትዬ እስከ ተቋሙ በር ሸኟቸው። ጋሽ አልማዝ ኃላፊዋ ቢሮ ገቡ፤ ሻለቃና ዶክተሯም ተጠርተው ነበር። ድንቢጥ በሩ አጠገብ ቆመች። እሳቸው አልተቀመጡም።

«አልማዙ ምንም አልሆነም» አሉ። «ክሩን ያላላሁት እኔ ነኝ። እጄ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ከረመ። ደብቄያችሁ ነው።»

ሻለቃ የሚያየው ጠፍቶት መሬት መሬት አየ። ኃላፊዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ዶክተሯ ግን ፊት ለፊት አየቻቸው።

«ያውቁ ነበር? ሴንሰሩ ሲገባ ያውቁ ነበር?»

«ክሩ መላላቱን አላወቅኩም። እጄን ግን አውቅ ነበር። ሰፍቼ ስጨርስ በማይክሮስኮፕ መልሼ ማየት ነበረብኝ፤ ድሮ ሁልጊዜ አይ ነበር። ይሄንን ግን ምን አገኝ ይሆን ብዬ ፈራሁና ሳላየው ዘጋሁት።»

«የልጆቹ እናቶች ይደውሉልኛል» አለች ዶክተሯ። «‹ተራሽ ደረሰ ወይ?› ይሉኛል። ደረሰ አልኳቸው። አሁን ደግሞ ምን ልበላቸው? ይንገሩኝ እስቲ።»

«ይቅርታ» የሚለው ቃል ከጋሽ አልማዝ አፍ ወጣ፤ እሷ ግን ተነስታ ወጥታ ነበር።

ሻለቃ ከሰው አንድ ነገር ለምኖ የማያውቅ ሰው ነው፤ ሲበላ እንኳ ጨው አቀብሉኝ አይልም። ያን ዕለት ግን ተነስቶ የማግሥቱን ተራ የያዙትን ተመራማሪዎች ሊለምን ሄደ። ምን እንዳላቸው አይታወቅም። ተመልሶ መጣና «ግማሽ ቀን ሰጥተውናል» አለ። «ነገ ከሰዓት በኋላ። ሴንሰር ግን ያስፈልገኛል፤ የሚናገር ሴንሰር።»

መጠባበቂያ ተብሎ የተቀመጠው ሴንሰር የተሰፋው በዚያው ሰሞን፣ በዚያው እጅ ነው። ማንም ሳይናገረው ሁሉም ተረዳው። አዲስ መሰፋት ነበረበት።

«ድንቢጥ ትሰፋዋለች» አሉ ጋሽ አልማዝ።

ድንቢጥ የልምምድ ቁራጮች ላይ ብዙ ሰፍታለች። ጨረር ውስጥ የሚገባ ግን ሰፍታ አታውቅም። ለምን እንደማያስነኳት ገርሟት ያውቃል፤ ጊዜው አልደረሰ ይሆናል ብላ ትታው ነበር። አሁን የገባት ሌላ ነው፤ መርፌውን ለእሷ መስጠት ለእሳቸው ምን ማለት እንደነበረ።

ልብስ ሰፊ ቤት ገቡ። እሷ ማይክሮስኮፑ ፊት ተቀመጠች፤ እሳቸው ከኋላዋ፣ ያየችውን በሚያሳየው ስክሪን ፊት። የመጀመሪያው ክር ገና ሲነካ ተበጠሰ። ሁለተኛውም ተበጠሰ። የድንቢጥ አንገት በላብ ራሰ።

«አልችልም ጋሼ።»

«ትንፋሽሽን ይዘሽዋል።»

«አልያዝኩም።»

«ይዘሽዋል እንጂ! ከዚህ ሆኜ ሳየው ትከሻሽ ጆሮሽ ላይ ደርሷል። ልቀቂው። ለራስሽ ዘፈን አንጎራጉሪ።»

«ምን ዘፈን?»

«ልጅሽን የምታስተኚበትን።»

ድንቢጥ መጀመሪያ አፈረች። ከዚያ በአፍንጫዋ ማንጎራጎር ጀመረች። መርፌው ወረደ፣ ነካ፣ ተጫነ፣ ተነሳ። ክሩ ቦታውን ያዘ። ወደ ሁለተኛው ማዕዘን ሄደች። መሃል ላይ ዞር ስትል፣ እጃቸው አየር ላይ፣ የሌለ መርፌ እንደያዘ ሁሉ ከእጇ ጋር ሲወርድ አየችው። ይንቀጠቀጥ ነበር። ቶሎ ወደ ማይክሮስኮፑ ተመለሰች።

አራተኛው ሲያልቅ ጋሽ አልማዝ «አሁን እያንዳንዱን ጎትተሽ ፈትኚው» አሉ። «ከዚያ ሌላ ሰው ያየዋል። እኔም፣ አንቺም አይደለንም፤ ሌላ ሰው። ከዛሬ ጀምሮ ሰው የሰፋውን ሰው ሳያየው ከዚህ በር አይወጣም።»

በተመደበው ከሰዓት በኋላ ሻለቃ መጀመሪያ ሰሌዳውን አስገባ፤ ቀጥሎ ሴንሰሩን ከሰሌዳው ጋር አስተያየ። «ከእንግዲህ አንድ ምስክር ብቻ አላምንም» አለና ጋሽ አልማዝን አይቶ ደነገጠ። «ይቅርታ ጋሼ።»

«ደግ አደረግክ» አሉት። «እኔም ስታምነኝ ይጨንቀኝ ነበር።»

ጨረሩ መጣ። ስክሪኑ ላይ አራት መስመሮች ጎን ለጎን ሄዱ። ዶክተሯ የመጨረሻውን ትሪ አስገባች። ምስሎቹ እየተከታተሉ መግባት ጀመሩ፤ ጥርት ያሉ፣ ነጠብጣባቸው እንደ ኮከብ የተዘራ። ዶክተሯ መዳፏን አፏ ላይ አደረገች።

የተገኘው የሚያስፈልጋት ግማሹ ነው። የፕሮቲኑ አንድ ጎን ታየ፤ ሌላው ጎን እንደገና ቅንጣት ማብቀልና እንደገና ተራ መጠበቅ ይፈልጋል። ኃላፊዋ ተራውን እንደምታፈጥንላት ቃል ገባችላት። እናቶቹ ሲደውሉ ዶክተሯ የምትነግራቸው ነገር አገኘች፤ የፈለገችውን ያህል ግን አይደለም። ይሄ በይቅርታ የሚሞላ ጉድለት አይደለም፤ ጋሽ አልማዝም እንዲሞላላቸው አልጠየቁም።

ሳጥኗን ይዛ ስትወጣ ኮሪደሩ ላይ አገኘቻቸው። ልታልፋቸው ነበር። ከዚያ ቆመች።

«እጅዎ የሚንቀጠቀጠው ሲያርፍ ነው ወይስ ሲሠሩበት?»

ጋሽ አልማዝ ጥያቄው አልገባቸውም። «ስሠራበት ነው። ብርጭቆ ሳነሳ፣ መርፌ ስይዝ። ጭኔ ላይ ሳሳርፈው ይተወኛል።»

«የቤተሰብ በሽታ አለ?»

«አባቴ።»

«የአባትዎስ እንደዚሁ ነበር?»

አሰቡ። አባታቸው ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ እጃቸው ጭናቸው ላይ አርፎ፣ አውራ ጣታቸው ብቻውን ክኒን እንደሚያድቦለብል ሲዞር ታያቸው። «የለም» አሉ። «የሳቸው ሲቀመጡ ነበር የሚብሰው።»

«እኔ የዚህ ሐኪም አይደለሁም» አለች ዶክተሯ። «ግን መንቀጥቀጥ ሁሉ አንድ አይደለም። በደንብ የሚመረምር ሰው ጋ ይሂዱ። ዛሬ ነገ አይበሉ።» ሄደች፤ ደህና ሁኑ ሳትል ነው የሄደችው።

በሳምንቱ ከእትዬ ጋር ሐኪም ቤት ሄዱ። ወረፋው ረጅም ነበር፤ እትዬ እንደ ተማሪ ያልተቆጡት ሰው አልቀረም። ሐኪሙ ወረቀት ላይ ክብ እንዲስሉ አደረጋቸው፣ አራመዳቸው፣ ጣታቸውን አፍንጫቸው ላይ አስነካቸው። በመጨረሻ የአባታቸው በሽታ አለመሆኑን ነገራቸው። ይሄኛው ከእጅ የማያልፍ ነው፤ መድኃኒት ይቀንሰዋል፣ አያጠፋውም። መርፌ ይዞ መስፋት ግን ከእንግዲህ አይሆንም። ጋሽ አልማዝ የመጨረሻውን ነገር ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አስቀድመው የተሰናበቱት ነገር ነበር። ከክፍሉ ሲወጡ ግን ኮሪደሩ ላይ ቆመው አለቀሱ። እትዬ ሰው እንዳያያቸው ፊት ለፊታቸው ቆመው ቦርሳቸው ውስጥ የሌለ ነገር ሲፈልጉ ቆዩ።

አሁን ጋሽ አልማዝ የሚሠሩት ከልብስ ሰፊ ቤት ቀጥሎ ባለው የፍተሻ ክፍል ነው። ሌሎች የሰፉትን ሴንሰር ሁሉ ይፈትሻሉ። ከኮምፒውተሩ ጋር አይዋደዱም፤ «ይሄ ሰውዬ አኩርፎኛል» ሲሉ ይሰማሉ። መሃል ያለው ግድግዳ ስስ ነው፤ ቅር ያላቸው ነገር ካለ ተነስተው አይመጡም፣ በግድግዳው ይጮኻሉ።

አንድ ቀን ድንቢጥ ጠዋቱን በሙሉ አንገቷን ደፍታ የሰፋችውን ሴንሰር ሰጥታቸው ገና ከመቀመጧ ድምፃቸው መጣ።

«ድንቢጥ! ሦስተኛው ማዕዘንሽ ሰነፍ ነው!»

«ሰነፍ አይደለም!»

«ሰነፍ ነው እላለሁ! እንቅልፋም ነው!»

«እንግዲያው ይምጡና እርስዎ ይስፉት!» አለች።

ካለች በኋላ ነው ምን እንዳለች የሰማችው። ከግድግዳው ወዲያ ምንም ድምፅ የለም፤ ወንበር አልተንቀሳቀሰም፣ ሰው አልሳለም። ተነስታ ወደ በሩ አንድ እርምጃ እንደሄደች ያ ጎርናና ድምፅ መጣ።

«እሺ፣ እኔ ምን ቸገረኝ! ግን በዚህ እጄ ሰፍቼው አራት ማዕዘን ብለሽ ስምንት ብታገኚ፣ ጉዱ የራስሽ ነው!»

ቀጥሎ ሳቃቸው ተሰማ። ድንቢጥ በሩን ተደግፋ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች፤ ከዚያ ሄዳ ሴንሰሩን ተቀበለቻቸው።